ኮርክ ላይ ሦስቴ ተጠየቅኩ

አሜሪካ በገባሁ ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤቷ ጋበዘችኝ። ምግብ ስታቀርብ እንደ አገሬ ወግ «አይ፣ ይቅርብኝ» አልኩ። እሺ ብላ ሳህኑን አነሳችው። ርቦኝ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ስኖር የመጀመሪያውን ግብዣ መቀበል ለመድኩ፣ አልፈልግም ካልኩም የምሬን ነው።

ባለፈው ሐምሌ እህቴን ልጠይቅ አየርላንድ ሄድኩ። መንገዴ በለንደን ነበር። ሂትሮው አየር ማረፊያ ቡና የምትሸጠው ልጅ «ዩ ኦልራይት?» (ደህና ነህ?) ስትለኝ ደነገጥኩ፤ እኔ በለመድኩት እንግሊዝኛ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ፊትህ ላይ አንድ ነገር አይቶ ነው። እሷ ግን «ምን ልታዘዝ?» ማለቷ ነበር።

ከደብሊን እህቴ ያለችበት ኮርክ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ኮርክ ከተማ አውቶቡስ ላይ ትንሹም ትልቁም ሲወርድ ሹፌሩን ያመሰግናል። ደስ ይላል።

የእህቴ አከራይ በሰባዎቹ ያሉ እናት ናቸው። ሻይ ትጠጣለህ አሉኝ። አይ፣ አመሰግናለሁ አልኩ፣ የምሬን። የውሃ ማፍያውን ግን ቀድመው ሰክተውታል። «አህ፣ ጎ ኦን» አሉ፣ እባክህ ጠጣ እንደ ማለት። አሁንም አይ አልኩ። «ግማሽ ስኒ ብቻ» አሉና ስኒውን ፊቴ አስቀመጡት። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ነገሩ ግን የእናቴ «በሞቴ» ነው፤ እዚያች ወጥ ቤት ውስጥ እናቴን የሰማኋት መሰለኝ። ጠጣሁ። ወተት የበዛበት፣ ከቡናማ ዳቦና ቅቤ ጋር።

«እዚህ አገር የመጀመሪያዋን አይ ማንም አይቆጥራትም» አለችኝ እህቴ።

በኋላ ሳነብ አን ባሮን የምትባል የቋንቋ ተመራማሪ የአየርላንድና የእንግሊዝ ሰዎች እንዴት እንደሚጋብዙ አነጻጽራ በ2005 እ.ኤ.አ. ጽፋለች። እኔን የገረመኝ ሌላም አለ። የአየርላንዶች የጥንት ቋንቋ ለአዎና ለአይ ራሱን የቻለ ቃል የለውም፣ ግሱን ነው የሚደግሙት። ያ ወደ እንግሊዝኛቸው ገብቷል፦ ሻይ ትጠጣለህ ሲባል «የስ» (አዎ) ብቻ ሳይሆን «አይ ዊል» ይላሉ፣ እጠጣለሁ እንደ ማለት። እኛስ «ትመጣለህ?» ስንባል «እመጣለሁ» አይደል የምንለው? ትምህርት ቤት ሰዋስዉን አስጠንተውናል፣ ስንት ጊዜ እንቢ እንደሚባል ግን ማንም አልነገረን። ለሚሰደድ ልጅ ይሄ ከሰዋስው አያንስም።

የመሄጃዬ ቀን ሴትዮዋ ዳቦ በፎይል ጠቅልለው ይዘው መጡ። አይ አልኩ። አይ አልኩ። ሻንጣዬን ራሳቸው ከፍተው ከሹራቤ ሥር አስገቡልኝ፣ ከዚያ በር ላይ ቆመው «ባይ፣ ባይ፣ ባይ ባይ» እያሉ እስክታጠፍ ሸኙኝ።