ዋልካና ጣርማበር፦ አምስት ጎማ እስክገዛ

ባለፈው ቅዳሜ ለፕራዶዬ አምስት ጎማ ገዛሁ። ጓደኞቼ «ጎማ ለመግዛት ሦስት ወር ይፈጃል እንዴ?» ሲሉኝ ከርመዋል። አዎ፣ ይፈጃል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቤቴ ደብረ ብርሃን ነው፣ ሥራዬ ግን በአብዛኛው ከከተማ ውጭ ነው። አንድ ቀን ለጅሩ ሰንጋ እጠራለሁ፣ በማግስቱ ለመንዝ በግ። ሌላ ቀን ደግሞ ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ እወርዳለሁ። መኪናዋ አባቴ ያወረሰኝ፣ በፈረንጆቹ 1999 የተሠራች ፕራዶ ናት።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና ሐምሌ ላይ ነው። ከእነዋሪ ወጣ ካለ ቀበሌ ተደወለልኝ። ሊሸጥ የደረሰ ሰንጋ ሆዱ ተነፍቶ ወድቋል። ሆድ መነፋት ጊዜ አይሰጥም። ጋዙ መውጫ ሲያጣ ሳንባን ይጫናል፣ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። እየበረርኩ ሄድኩ። ጠጠሩ እስኪያልቅ ድረስ ደህና ነበርኩ። ጥቁሩ አፈር ከጀመረ በኋላ ግን ሁለት መቶ ሜትር እንኳ አልተጓዝኩም።

ዋልካን ለማያውቅ ሰው ጭቃ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ዝናብ ሲያገኝ ያብጥና እንደ ሊጥ ይይዛል። ወርጄ ጎማውን ሳየው ጥርስ የሚባል ነገር የለውም። በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦይ በሙሉ ተደፍኗል። መንገድ ላይ የወደቀው ገለባም አብሮ ተቦክቶበት፣ ጎማው ልክ እንደ ተመረገ የጭቃ ግድግዳ ልሙጥ ሆኗል። በጣቴ ብገፋው አልወጣ አለኝ፣ በቢላ ነው የፋቅሁት። ያኔ ነው የገባኝ። መሬቱን የሚነካው ላስቲኩ አልነበረም። ጭቃ በጭቃ ላይ ነበር የሚሽከረከረው።

ቦርሳዬን አንግቤ፣ ቦቲዬን አጥልቄ በእግሬ ገሰገስኩ። ሰንጋው ተረፈ። ማምሻውን ባለቤቱ ስድስት ሰውና ገመድ ይዘው መጥተው መኪናዬን አወጡልኝ። ገመዱን እየጠቀለሉ «እታለም፣ ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ...» አሉና ሳይጨርሱት ተዉት። ለእሳቸው ያ ሰንጋ የዓመት ልፋታቸው ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዚያው ሳምንት ኤም ቲ የሚባለውን የጭቃ ጎማ ገዛሁ። ጥርሱ ትልልቅ ነው፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ሰፊ ነው። ሲሽከረከር ጭቃውን ወደ ውጭ እየወረወረ ራሱን ያጸዳል። እውነትም ዋልካ ላይ ልዩነቱ ይታያል። አስፋልት ላይ እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል፣ እሱን ቻልኩት። ነዳጅም ይጨምራል፣ እሱንም ቻልኩት።

ዓምና ነሐሴ ወንድሜን ይዤ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ግን ሌላ ነገር አየሁ። የጣርማበርን ዋሻ እንዳለፍን ጉሙ ወረደብን። ካፊያ ነበር፣ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። ከአንድ ጥምዝ ስወጣ አንድ አይሱዙ መንገዱ ላይ ቆሟል። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ግን ዝም ብላ ተንሸራተተች። ከአይሱዙው ጋር አንድ ክንድ ያህል ሲቀረን ቆመች። በግራችን ገደል ነው። ወንድሜ ደብረ ሲና እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የጭቃ ጎማ ጉዳቱ ከጥቅሙ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ አስፋልቱን የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። ውሃውን የሚሰነጥቁት ቀጫጭን መስመሮችም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ እርጥብ አስፋልት ላይ ለመቆም ረዘም ያለ መንገድ ይፈልጋል። ይህን የነገሩኝ የሠፈራችን ጎሚስታ ናቸው። እኔ ስለ እነዋሪ ደጋግሜ ሳወራ ሰሙኝና «ልጄ፣ ዋልካ ቢይዝሽ በሬ ጠምደው ያወጡሻል። ጣርማበር ላይ ማን ያወጣሻል?» አሉኝ። «ልክ ነዎት ጋሼ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ የሥራ ማስታወሻዬን አውጥቼ ቆጠርኩ። በዓመቱ ውስጥ እርጥብ ዋልካ የረገጥኩት ሃያ ቀን አይሞላም። የቀረው አስፋልትና ድንጋያማ ፒስታ ነው። ለሃያ ቀን ብዬ ዓመቱን ሙሉ ፍሬን የማይዝ ጎማ ላይ ተቀምጫለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ኤ ቲ ለመግዛት ወሰንኩ። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከጭቃው ጎማ ጠበብ ያለ፣ ቀጫጭን መስመሮቹ የበዙ፣ ፒስታውንም አስፋልቱንም የሚችል ጎማ ነው።

ዓይነቱን ከወሰንኩ በኋላ ደግሞ ልኩ መጣ። የእኔ 265/70 አር 16 ነው። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 70 ማለት የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 70 በመቶ ነው፣ ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይመጣል። 16 የቸርኬው ቁመት ከዳር እስከ ዳር በኢንች ነው። አንድ ሻጭ «285/75 አድርጊበት፣ መኪናዋ ግርማ ሞገስ ታገኛለች» አለኝ። ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። ጎማው በቁመት ከአምስት ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፣ መኪናዋ ከመሬት የምትነሳው ግን የዚያን ግማሽ ብቻ ነው። ቆጣሪው 60 ሲያሳየኝ በእውነት 64 እየሄድኩ ነው። ሞተሩ ዳገት ላይ ይከብደዋል፣ ፍሬኑም ቁልቁለት ላይ። ግርማ ሞገሱ ይቅርብኝ አልኩ።

ሌላ ሱቅ የሚያብረቀርቅ፣ ወረቀቱ ያልተላጠ ጎማ አሳዩኝ። ጎንበስ ብዬ ጎኑን አነበብኩ። ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ባለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ፦ 1417። በ2017 በ14ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ። መሬት ሳይነካ መደርደሪያ ላይ አርጅቷል። ላስቲክ ቢቀመጥም እየደረቀ ይሄዳል፣ ደረቅ ላስቲክ ደግሞ እርጥብ አስፋልት አይዝም። እባካችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ቁጥር እዩ። አንዳንዴ በአንደኛው ጎን ብቻ ነው የሚጻፈው፣ ካጣችሁት ጎማውን አስገልብጡት።

ከተራው ኤ ቲ ይልቅ ኤል ቲ የሚባለውን፣ ለቀላል ጭነት መኪና የሚሠራውን ወፍራም ጎማ መረጥኩ። ለክብደት ብዬ አይደለም። ጎኑ ላይ 112 የተጻፈበት ተራ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል፣ ለፕራዶ ይበቃል። 121 የሚለው ኤል ቲ 1,450 ኪሎ ይችላል። እኔን ያሳሰበኝ የመንዝ ድንጋይ ነው። ከጣርማበር ተገንጥሎ ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለታም ድንጋይ አንድ ጊዜ የጎማዬን ጎን ቀዶብኛል። መሬት የሚረግጠው ክፍል ቢበሳ ይጠገናል። ጎኑ ከተቀደደ ግን አለቀለት፣ ጎሚስታም ምንም አያደርገውም።

አምስት የገዛሁት ለስኮርቱ ነው። ድሮ ስኮርት ማለት ሊሾ የሆነው አሮጌ ጎማ ነበር። የእኔ ፕራዶ ግን ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የምትገፋው። አንዱ ጎማ በቁመት ከሌሎቹ ካነሰ ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ሲታገል ይውላል። አምስቱንም እያፈራረቅሁ እኩል አስረጃቸዋለሁ።

ስለ ንፋስ አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300። ወደ ታች ስንወርድ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ሁለት ፒ ኤስ አይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት አሃድ) ገደማ ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ይጨምረዋል። ጎማው ግሎ ሳለ «በዛ» ብላችሁ እንዳታስተነፍሱት። ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ባደራችሁበት ቦታ ለኩት። እኔ አስፋልት ላይ 34 አደርገዋለሁ። የመንዝ ፒስታ ላይ ወደ 26 አወርደውና ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ ጎማው ድንጋዩን ዋጥ ያደርገዋል። አስፋልት ስደርስ በትንሿ ኮምፕሬሰር መልሼ እሞላዋለሁ። ባነሰ ንፋስ በፍጥነት መንዳት ጎማ ያግላል፣ ያፈነዳል።

የቀረኝ ዋልካው ነው። ኤ ቲ ጎማዬ እዚያ ላይ ከጭቃው ጎማ እንደሚያንስ አውቃለሁ። ክረምቱም ሊገባ ነው። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ለሰንጋው ባለቤት ደወልኩላቸው። ዝናብ የጣለ ቀን ጠጠሩ ከሚያልቅበት አልፌ መኪና እንደማልነዳ፣ እዚያ ድረስ በቅሎ ቢልኩልኝ ከጭቃው ጋር ሳልታገል እንደምደርስ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ልጓሙ ደህና ነው» አሉኝ ቀጥለው፣ «ኮርቻውን ግን ነገ ገበያ ወስጄ አሳድሰዋለሁ።»