የዋትኒን ውሃ ስሰፍር

ሰሞኑን ሲያንገበግበኝ የከረመ አንድ ስሌት ተፈታልኝ። ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም፤ እናንተም እዩልኝ።

የጠፈር ልብ ወለድ ሳነብ እርሳስና ባለ ካሬ ደብተር ከጎኔ እንደማይጠፉ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ደራሲው የጻፈውን ቁጥር እያወጣሁ ከሥሩ አሰላዋለሁ። ከዚያ ፊልሙን አያለሁ፤ ምን እንደተቆረጠ፣ ምን እንደተጨመረ እመዘግባለሁ። አሁን የያዝኩት «ዘ ማርሺያን»ን ነው። አንዲ ዌር መጀመሪያ ድረ ገጹ ላይ ምዕራፍ በምዕራፍ በነጻ ያወጣው፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ2011 ራሱ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሪድሊ ስኮት በ2015 ፊልም አደረገው። ማርክ ዋትኒ የሚባል ጠፈርተኛ በአውሎ ነፋስ መሃል ሞቷል ተብሎ ማርስ ላይ ብቻውን ይቀራል። ድንች እያበቀለ ነፍሱን ለማቆየት ይፍጨረጨራል።

አውሎ ነፋሱ ቶሎ አለቀልኝ። መጽሐፉ በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር ይላል። የማርስ አየር ግን እፍጋቱ ከምድር አየር 60 ጊዜ ያህል ያንሳል። የነፋስ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሆነ፣ 175ን ለ60 ስኩዌር ሩት ማካፈል ነው። 23 ገደማ ይመጣል። ያ ሁሉ ማዕበል እኛ ዘንድ በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ነው ማለት ነው። የተሰጣ ልብስ ያወዛውዝ እንደሆነ እንጂ ሮኬት አይገለብጥም። ዌርም ይህን እያወቀ እንደጻፈው በግልጽ ተናግሯል። ሰውዬው እዚያ የሚቀርበት ሰበብ ያስፈልገው ነበር፤ ይሁን።

ያስቸገረኝ ውሃው ነው።

ዋትኒ 300 ሊትር ውሃ አለው። የሚያርሰው 126 ካሬ ሜትር፣ የአፈሩ ጥልቀት 10 ሳንቲ ሜትር ነው። 12.6 ሜትር ኪዩብ አፈር ሆነ። ለእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ 40 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ በድምሩ 504 ሊትር። ትንሽ መጠባበቂያ ካስቀመጠ 250 ሊትር ያህል ይጎድለዋል። ስለዚህ ያረፉባት መንኮራኩር ታንክ ውስጥ የተረፈውን ሃይድራዚን የሚባል ነዳጅ ይቀዳል። ሃይድራዚን ኢሪዲየም ላይ ሲፈስ ወደ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ይበተናል። ሃይድሮጅኑን በኦክስጅን ስታቃጥሉት ውሃ ይሆናል። ኬሚስትሪው ሐቅ ነው። ሳተላይቶች በትንንሽ ሞተሮቻቸው ሃይድራዚንን በዚሁ መንገድ ሲበትኑ ኖረዋል።

ታንኩ ውስጥ ያለው 292 ሊትር ነው። መጽሐፉ ከዚህ 600 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣል ይላል። እኔ ደግሞ እንዲህ ሠራሁት። 292 ሊትር በእፍጋቱ፣ በ1.02 ሲባዛ 298 ኪሎ። ከ32 ግራም ሃይድራዚን 36 ግራም ውሃ ይገኛል። ስለዚህ 335 ኪሎ፣ ማለትም 335 ሊትር ውሃ። 600 የት፣ 335 የት!

እፍጋቱን በሌላ ሙቀት ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ምናልባት ሌላ ዓይነት ሃይድራዚን ይሆን ብዬ ሚቲል ሃይድራዚን የሚባለውን ቀመር አስገባሁ፤ እሱም እምቢ አለ። ትቼው ወደ ሌላ ምዕራፍ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ተውኩት።

መፍቻው እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ዋትኒ ስለ ፈሳሽ ኦክስጅን ሲያወራ 50 ሊትሩ 100 ሊትር ውሃ ይሠራል ይላል። ለምን ቢባል፣ አንድ የኦክስጅን ሞሊኪውል ሁለት አተም አለው፤ ውሃ የሚፈልገው አንድ ነው። አሁን ይህንኑ ዘዴ ወደ ሃይድራዚኑ አምጡት። አንዱ ሞሊኪውል አራት ሃይድሮጅን አለው፤ ውሃ ሁለት ይበቃዋል። 292 ሲባዛ በ2፣ 584። «ወደ 600» ያለው ይኸው ነው! ሞሊኪውል ቆጥሮ ሊትር ጻፈ። ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል ለሆነ ጋዞች ይህ ይሠራል፤ ለፈሳሽ ግን አይሠራም። አንድ ሞል (ኬሚስቶች ሞሊኪውል የሚቆጥሩበት ቋሚ ብዛት) ሃይድራዚን 31 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ አንድ ሞል ውሃ 18 ብቻ። ይህን ሳይ ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር።

እዚህ ላይ የብዙዎቻችንን ልማድ መንቀፍ እፈልጋለሁ። ስሕተት እናገኝና «አበቃለት፣ ተረት ነው» ብለን መጽሐፉን እንዘጋለን። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር አስገቡና ሰውዬው ይሞታል ወይስ ይተርፋል ብላችሁ ጠይቁ። የጎደለው 250 ሊትር ነው፣ የሚገኘው 335። ተረፈ!

ችግሩ ኦክስጅኑ ላይ ነው። ለ250 ሊትር ውሃ 222 ኪሎ ኦክስጅን ያስፈልጋል። የሚያገኘው ከማርስ አየር ነው፤ የነዳጅ ማምረቻው በሰዓት ግማሽ ሊትር ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያጠራቅምለታል። በመጽሐፉ ስሌት ሥራው በ10 የማርስ ቀን ያልቃል። በኔ ደብተር ከ22 ያልፋል። እሱም የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሁለቱም ኦክስጅን ከወጣ ነው። ፐርሲቪራንስ በተባለው የናሳ ተሽከርካሪ ሮቦት ላይ ተጭኖ ማርስ የሄደው ሞክሲ የሚባል መሣሪያ አንዱን ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ሌላው ከካርቦኑ ጋር ይቀራል። በዚያ መንገድ ከሆነ ወደ 45 ቀን ነው። ሞክሲ ከ2021 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ያመረተው በድምሩ 122 ግራም ኦክስጅን ነው፤ ውሃ ቢሠሩበት 137 ሚሊ ሊትር። ቢሆንም ዋትኒ ቆጥቦ ከበላ ምግቡ ከዓመት በላይ ያቆየዋል። ድንቹ በአንድ ወር ቢዘገይበት ይራባል እንጂ አይሞትም።

ሙቀቱንም አየሁት። በመጽሐፉ ፍጥነት ከሄደ ቃጠሎው ቀንና ሌሊት 5 ኪሎ ዋት ገደማ ይለቃል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለ ፋታ ከሚያወጣው ይበልጣል፣ ያውም በታሸገ ቤት ውስጥ።

ፊልሙስ? 126 ካሬ ሜትሩንና 40 ሊትሩን ይጠቅሳል፤ 600 ግን የለም። «ብዙ ውሃ መሥራት አለብኝ» በሚል ዓይነት አነጋገር ያልፈዋል። ከዚያ ማቀጣጠያ እንዲሆነው የጓደኛውን የእንጨት መስቀል ይልጣል (እናቴ ይህን ስታይ አማተበች)፣ ፍንዳታው ይመጣል፣ በቃ። ፊልሙ አልተሳሳተም፤ ምክንያቱም ምንም አላለም። እኔ ቁጥሩን አውጥቶ የሚሳሳተውን መጽሐፍ አከብራለሁ።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ፊልሙ ያናድዳል። ዋትኒ ሊያድኑት ወደመጡት ጓደኞቹ ለመድረስ የጠፈር ልብሱን ጓንት ቀዶ በሚወጣው አየር እየተገፋ ይበራል። በመጽሐፉ ሐሳቡን ያነሣል፣ አዛዧም አይሆንም ትለዋለች፤ ትክክል ናት። የጠፈር ልብስ ግፊት 30 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ከ4 ኒውተን በላይ አይገፋም፤ ግማሽ ኪሎ ስኳር እንኳ አያነሣም። በዚያ ላይ ክንድን ዘርግቶ መገፋት ሰውን ያሽከረክራል እንጂ ቀጥ አድርጎ አይወስድም። ይህን ሁሉ ጽፌ፣ ትዕይንቱ በመጣ ቁጥር ግን እንደ ሕፃን አጨበጭባለሁ። ምን ላድርግ?

ለጀማሪዎች የምለው አለኝ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን መለኪያውን ጻፉ። ሊትር ከሞል የሚለየው እዚያ ነው። መጽሐፉን ከፊልሙ አስቀድሙ፤ አለዚያ ዋትኒ ለዘላለም የፊልሙ ተዋናይ ማት ዴመን ይሆንባችኋል። በእጅ ሳትሠሩ ኤክሴል አትክፈቱ፤ ኤክሴል የተሳሳተውንም በሚያምር ሠንጠረዥ ያሳያችኋል። ስለ ሥነ ሕይወቱ ግን እኔን አትጠይቁኝ። ፊኒክስ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በ2008 የማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የተባለ መርዛማ ጨው እንዳገኘ አውቃለሁ፣ ድንቹ ላይ የሚያደርገውን ግን አልሠራሁትም። ባዮሎጂ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን የተጣበቅኩት ጠፈርተኞቹን ከምድር ማርስ በምታመላልሰው የመጽሐፉ መንኮራኩር፣ በሄርሜስ ላይ ነው። መንኮራኩሯ በሰከንድ ስኩዌር 2 ሚሊ ሜትር ብቻ እየፈጠነች ሳታቋርጥ ትሄዳለች። በ24 ሰዓት ፍጥነቷ በሰከንድ 173 ሜትር ይጨምራል ማለት ነው። አቅጣጫው ሁልጊዜ ስለሚለዋወጥ በአንድ ቀመር አይዘጋም። ፕሮግራመሩ ዌር ለዚህ የራሱን ሶፍትዌር ነው የጻፈው። እኔ በኤክሴል በየሰዓቱ እያራመድኩ ስሞክር፣ ሞተሩን ዘግቼ እንኳ መንኮራኩሯ ከፀሐይ እየራቀች ሄደች። መጀመሪያ ፍጥነቱን አድሰህ በአዲሱ ፍጥነት ቦታውን አስላ ብሎ አንድ ወዳጄ መከረኝ። በምድር ምህዋር ሞከርኩት፤ ዙሩ ከዓመት በኋላ መጣና ተዘጋ። ቀጥሎ ሞተሩን መክፈት ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ የሠራ ካለ፣ እርምጃውን የስንት ደቂቃ እንዳደረገው ይንገረኝ።