ባለ 19 ቁልፍ

ኮምቦልቻ በምሠራበት ጋራዥ ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ከጨረታ የገዛውን የወታደር የውሃ ተሳቢ አመጣ። ተሳቢው አሜሪካ ሠራሽ ነው። የሚጎትተው ኡራል የጭነት መኪና ደግሞ የሶቪየት።

አንዱ ልጃችን የተሳቢውን ብሎን በባለ 19 ቁልፍ ፈታ። ቁልፉ ልክክ አለ። የዛገውን ዳዶ ጣለና ለኡራሉ ከተገዛው 12 ሚሊ አንዱን አነሣ። እምቢ አለው። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ በጉልበት ሲያጠብቀው የብሎኑ ጥርስ ተላጠ።

ጋሼ የቀድሞ ጦር መካኒክ ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ቁልፉ ሸወደህ። የሦስት አራተኛ ኢንችና የ19 ሚሊ ቁልፍ በፀጉር ነው የሚለያዩት። የብሎኑ ውፍረት ግን ግማሽ ኢንች ነው፤ 12.7 ሚሊ። የሩሲያ ዳዶ መቼም አይገባለትም!»

ሻይ ሲመጣ ወሬው ወደዚያ ዘመን ሄደ። በግንቦት 1945 ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ዕርዳታ ስምምነት ፈረመች። አሜሪካም አስመራ ያለውን የቃኘው ወታደራዊ የመገናኛ ጣቢያ ለ25 ዓመት ያዘች። ጋሼ ሙያውን የተማሩት በዚያ ዕርዳታ በመጡ መኪኖች ነው። በ1969 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር በሰብዓዊ መብት ሳቢያ ዕርዳታውን ቀነሱ፤ ደርግም በሚያዝያ የአሜሪካን ወታደራዊ ቡድን አስወጣ። በኅዳር 1970 የሶቪየት መሣሪያ በአየር ይጎርፍ ጀመር። የሚገርመው፣ ያኔ ኢትዮጵያን የወረረውን የሶማሊያ መሪ ዚያድ ባሬን እስከ አፍንጫው ያስታጠቀችውም ራሷ ሶቪየት ነበረች።

«በኢንች ያደግን ሰዎች በአንድ ጊዜ ሚሊ ሆንን» አሉ ጋሼ። «የአሜሪካኑ መኪና መለዋወጫ አጥቶ ቆመ። አንዱን ገንጥለን ሌላውን እናስነሳ ነበር።»

ሰው ዕርዳታ ሲባል ታንኩንና ጄቱን ይቆጥራል። እኔ ጋራዥ ስለምውል ዳዶው ነው የሚታየኝ። መሣሪያውን የሰጠህ ሰው ጥይቱንም፣ መለዋወጫውንም፣ አስተማሪውንም ይዟል። ሲያኮርፍ ትቆማለህ። የሶቪየቱ ደግሞ አብዛኛው በብድር ነበር። ሩሲያ የዕዳውን ትልቁን ክፍል የሰረዘችው ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ነው።

አሁን የኢንችና የሚሊ ብሎን በየሳጥኑ ለይተናል። መኪና ስንረከብም ካርዱ ላይ የየት አገር ሥሪት እንደሆነ እንጽፋለን።

ደንበኛው ሒሳብ ሲነገረው ሳቀ። «ጋሼ፣ ብሎኖቹን እንኳ በዕርዳታ አርጉልኝ እንጂ!»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ደረሰኝ ቁረጥለት።»