ከመጋረጃው ጀርባ

ዛሬ ታክሲ ውስጥ የተስፋዬ ካሳ የድሮ ቀልድ ተከፈተና ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። የእኔ ልብ ግን ወደ መጋረጃው ጀርባ ሄደ።

የእሱንና የአለባቸው ተካን ቀልዶች በካሴት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በአንድ አነስተኛ አዳራሽ የኮሜዲ ምሽቶች የድምፅ ሠራተኛ ስሆን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ማይክራፎን እፈትሻለሁ፣ ገመድ እጠቀልላለሁ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ለኮሜዲያኑ በእጅ ባትሪ ምልክት እሰጣለሁ።

የማይረሳኝ ከመውጣታቸው በፊት ያለው ዝምታ ነው። ያ ሁሉን የሚያስቀው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይጸልያል፤ ውሃ ሳቀብለው እጁ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሳቁ ይመጣል፤ ከኋላ ሆኖ ለሚሰማው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ የክረምት ዝናብ ነው፤ መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ቀጥሎ ዶፍ።

አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ቀልደኛው ወደ መድረኩ ጠርዝ ቀርቦ ያለ ማይክራፎን ቀጠለ። እኔም በባትሪዬ ፊቱን አበራሁለት። ክንዴ ዛለ፤ ግን አላወረድሁትም።