ዱቄቱ የጠጣው ውሃ

ነሐሴ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የላቦራቶሪያችን መስኮት በእርጥበት ጭጋግ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ አራት የፎም ቁራጮች ተደርድረዋል። ከመጭመቂያ ማሽኑ የወጣውን ቁጥር ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት። 190 ኪሎ ፓስካል፤ ፎሙ ከመጨፍለቁ በፊት የቻለው ጫና ማለት ነው። ጥር ላይ በራሴ እጅ የሠራሁት ይኸው ዓይነት ፎም 270 ሰጥቶኝ ነበር።

ከጎኔ ወደቆመችው ተለማማጅ ተማሪ ዞር አልኩና "ምን አድርገሽ ነው?" አልኳት።

"ምን ሆኖ ነው?" ማለት እችል ነበር። አላልኩም። እሷም አንገቷን ደፋች። ይህን ገጠመኝ የምጽፈው በዚያች ጥያቄ ምክንያት ነው።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሥራችን ከአትክልት ዘይት ጠንካራ ፎም መሥራት ነው። የፍራሹን ለስላሳ ስፖንጅ አይደለም የምለው። ለማቀዝቀዣና ለቆርቆሮ ግድግዳ ሙቀት መከላከያ የሚሆነውን፣ ሲመቱት ኳ የሚለውን ነው። ስሙ ፖሊዩረቴን ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 የደረሱበት ነገር ነው። ሁለት ፈሳሾች ይቀላቀላሉ። አንደኛው ፖሊዮል፣ ሁለተኛው አይሶሳይኔት ይባላል። ሁለቱንም የምናገኘው ከውጭ፣ በዶላር ነው። ፖሊዮሉ ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው ከነዳጅ ተዋጽኦ ነው።

እኛ ጋ ግን ጉሎ አለ። በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። እናቶቻችን ፍሬውን ወቅጠው ምጣድ ያሰሱበታል። የጉሎ ዘይት ከሌሎች ዘይቶች የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለው። ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው የዘይቱ አሲድ ሪሲኖሌይክ የሚባለው ነው። ይህ አሲድ በተፈጥሮው ሃይድሮክሲል፣ ማለትም የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምር፣ ተሸክሟል። አይሶሳይኔት የሚይዘውም ያንን ሃይድሮክሲል ነው። አኩሪ አተር ቢሆን መጀመሪያ ዘይቱን በኬሚካል መለወጥ ግድ ይላል። ጉሎ ግን ተጣርቶና እርጥበቱ ወጥቶለት በቀጥታ ይገባል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ችግሩ የዘይቱ ሞለኪውል ሰንሰለት ረጅምና ለስላሳ መሆኑ ነው። ብቻውን ሲሆን ፎሙ ይላላል። ስለዚህ ትንሽ ግሊሰሪን እንጨምራለን። ከዚያ ደግሞ ማጠናከሪያ እንፈልጋለን። ማጠናከሪያችን ሴሉሎስ ነው፤ የምንወስደውም ከእንሰት ቃጫ ነው። ቃጫውን በኮስቲክ ሶዳ እንቀቅለዋለን፤ እናነጣዋለን። ቀጥሎ 64 በመቶ በሆነ ሰልፈሪክ አሲድ፣ በ45 ዲግሪ ሙቀት፣ ለ45 ደቂቃ ያህል እናቆየዋለን። አሲዱ የላላውን ክፍል በልቶ ጠንካራውን ክሪስታል ይተወዋል። አንዱ ቅንጣት ውፍረቱ ከ5 እስከ 20 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ)፣ ርዝመቱ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ነው። ከዚያ ማጠብ ነው፤ ቀናት የሚፈጅ ማጠብ። አሲዱ ከቀረ አሚን የሚባለውን ካታሊስት፣ ማለትም ውህደቱን የሚያፋጥነውን ቅመም፣ ይገድላል፤ ፎሙም አይነሳም። በመጨረሻ ፍሪዝ ድራየር (አቀዝቅዞ የሚያደርቅ ማሽን) ውስጥ ገብቶ እንደ ተነደፈ ጥጥ ቅልል ያለ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወጣል።

አንድ ሳምንት ሙሉ ተለፍቶ የሚገኘው አንዲት ጣሳ አይሞላም። ስለዚህ ስንሳሳለት ነው የኖርነው።

አሁን ስለ ውሃ ልናገር። ታሪኩ ያለው እዚያ ላይ ነው። የኛ ፎም የሚነፋው በውሃ ነው። ውሃ ከአይሶሳይኔት ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ጋዙም ፈሳሹን እንደ ሊጥ ኩፍ ያደርገዋል። ጥቂት ውሃ ብዙ ሥራ ይሠራል። 1 ግራም ውሃ ከአንድ ሊትር በላይ ጋዝ ያወጣል። እግረ መንገዱንም እኛ የምንጠቀመውን አይሶሳይኔት 15 ግራም ያህል ይበላል። የኛ ቀመር እንዲህ ነበር፦ 90 ግራም የጉሎ ዘይት፣ 10 ግራም ግሊሰሪን፣ 1.5 ግራም ውሃ፣ 106 ግራም አይሶሳይኔት፣ ከካታሊስትና ከማረጋጊያ ጠብታዎች ጋር። አይሶሳይኔቱ ከሚያስፈልገው በ5 በመቶ ይበልጣል፤ ሆን ተብሎ ነው።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ ፎም ሲሠራ ከውጭ የመጣ ቀመር እንዳለ አይሠራም። የከተማችን የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ጋዙ የሚጫነው ሲያንሰው ይበልጥ ይለጠጣል፤ ፎሙም ይሳሳል። የውሃውን ልክ 1.5 ላይ ለማቆም ሁለት ወር ፈጅቶብናል። የውሃን ጉልበት ከማንም በላይ አውቃለሁ ብዬ የማምነውም ለዚህ ነበር።

ጥር ላይ ዱቄቱ ከማድረቂያው በወጣ ማግስት 4 ግራሙን ዘይቱ ውስጥ በትኜ ፎሙን ሠራሁት። ዱቄት የሌለው 230 ኪሎ ፓስካል ቻለ። ዱቄት ያለው 270። የሁለቱም እፍግታ በሜትር ኩብ 60 ኪሎ ግራም ነበር። ሪፖርት ጻፍኩ። አለቃችን አንብበው "ጥሩ ነው፤ ክረምት ላይ ድገመውና እናያለን" አሉኝ። ለምን ክረምት እንዳሉ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው የሚያስቡት ስለ ጊዜ ሰሌዳው ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ተለማማጇ መጣች። ከዩኒቨርሲቲ ለሁለት ወር የተላከች የአራተኛ ዓመት የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ናት። ዝምተኛ ናት። ደብተሯ ከእጇ አይለይም። ሥራውን ተከፋፈልን፤ ዱቄት የሌለውን ፎም እኔ ልሠራ፣ ዱቄት ያለውን እሷ። 1 ግራም፣ 2 ግራም፣ 4 ግራም የገባባቸውን በተራ ሠራች። አይሶሳይኔት ሳንባ ላይ ክፉ ስለሆነ ከሁድ (ከጭስ መሳቢያው) ሥር እንዳትወጣ አስጠንቅቄያታለሁ። አንድም ቀን አልወጣችም።

በመጀመሪያው ቀን "ጋሼ፣ ይሄኛው ከፍ ብሎ ነው የተነሳው" ብላኝ ነበር። እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ። "ይሆናል፣ ቀጥይ" አልኳት።

ከዚያ ያ 190 መጣ። የኔ ፎም እንደ ጥር ወሩ ያው 230 ነው። የሷ ግን ዱቄቱ በጨመረ ቁጥር እየደከመ ሄደ። ነገሩ ለኔ ግልጽ ሆኖ ታየኝ። የኔ ትክክል ነው፣ የሷ ተበላሽቷል፤ እንግዲያው ጥፋቱ የሷ ነው። ወይ በደንብ አልበተነችውም፣ ወይ ሚዛኑ ላይ ተሳስታለች። ናኖ ሴሉሎስ ዘይት ውስጥ መተቃቀፍ ይወዳል። ካልተበተነ ጓል ይሠራል፤ ጓሉም የፎሙን ግድግዳ ይሰነጥቃል። እውነት ነው፤ ይህ የታወቀ ችግር ነው። የታወቀ ችግር ስለሆነም ሌላ ነገር አልፈለግሁም።

የዚያኑ ዕለት ለአለቃዬ አጭር ማስታወሻ ጻፍኩ። "ዱቄቱ በአግባቡ አልተበተነም፤ ሥራው በተለማማጇ የተከናወነ ነው" ይላል። የዩኒቨርሲቲው የግምገማ ቅጽም ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። "ጥንቃቄ" በሚለው ረድፍ ዝቅተኛውን ሞላሁ። ዛሬ ሳስበው የሚያመኝ ይሄኛው ነው። ያ ቅጽ የልጅቷን የምረቃ ውጤት ይነካል።

ለሪፖርቱ ቁጥር ስለጎደለኝ በማግስቱ ደብተሯን ተዋስኩ። የተዋስኩት ስህተቷን ፍለጋም ጭምር ነው፤ አልዋሽም። ሁሉም ነገር ተጽፏል። ሰዓቱ፣ የዘይቱ ሙቀት፣ የሚዛኑ ንባብ እስከ ሁለት አሃዝ። ከገጹ ጥግ ደግሞ እኔ ያላዘዝኳት አንድ ዓምድ ነበር። "የተነሳበት ከፍታ" ይላል። ፎሙ ሳጥኑ ውስጥ ስንት ሴንቲሜትር እንደወጣ በማስመሪያ ለክታ ነበር።

ዱቄት የሌለው 14። 1 ግራም ያለው 14.7። 2 ግራም ያለው 15.4። 4 ግራም ያለው 16.8።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቁጥሮቹ ቀጥ ያለ መስመር ናቸው። የሚዛን ስህተት እንዲህ አይሰለፍም፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይሄዳል እንጂ። መጥፎ ብተናም እንዲህ አያደርግም። ከዚህ ሁሉ በላይ አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ነው። ዱቄት ሲገባ ፈሳሹ ይወፍራል፤ ስለዚህ ፎሙ በትንሹም ቢሆን ዝቅ ማለት አለበት። ጥር ላይ ዝቅ ብሎ ነበር፤ 13.8። አሁን ግን በየግራሙ እያደገ ነው። አንድ ነገር ከዱቄቱ ጋር አብሮ እየገባ ይነፋዋል። ፎም የሚነፋ ነገር ደግሞ ቀመራችን ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

ቁራጮቹን መዘንኳቸው። 4 ግራም የገባበት እፍግታው 60 ሳይሆን 50 ነው። ይህን ከመጀመሪያው መመዘን ነበረብኝ። የፎም ጥንካሬ ከእፍግታው ጋር እኩል በእኩል አይወርድም። በግምት እንደ እፍግታው ካሬ ይወርዳል። 60 ወደ 50 ሲወርድ 270ው ወደ 187 ይወርዳል ማለት ነው። ማሽኑ 190 ነው ያለው። ዱቄቱ ሥራውን እንደ ጥር ወሩ በትክክል ሠርቷል። የሳሳው ፎሙ ነው።

ተለማማጇን ጠራኋትና ዱቄቱ ያለበትን ዕቃ አብረን አየነው። ክዳኑ የሚጠመዘዝ ተራ ፕላስቲክ ነው። ሐምሌን ሙሉ በየቀኑ ተከፍቶ ተዘግቷል። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። ከዚያ እሷ ቀስ ብላ "እቤት ድርቆሽ በክረምት እንዲህ ይለሰልሳል" አለች።

2 ግራም መዝና ኦቨን ውስጥ በ105 ዲግሪ አስገባችው። ከሰዓት በኋላ ስናወጣው 1.84 ሆኗል። 8 በመቶው ውሃ ነበር። ጥጥም ርጥብ አየር ውስጥ ሲውል ወደዚህ ገደማ ይጠጣል፤ ሴሉሎስ ሁሉ ውሃ ወዳጅ ነው። የኛ ደግሞ ቅንጣቱ ደቃቅ፣ ገላው ሰፊ ነው። 4 ግራም ዱቄት 0.32 ግራም ውሃ ይዞ ገብቷል። ለሌላ ሥራ ኢምንት ነው። ለኛ ግን ከ1.5 ግራሙ አንድ አምስተኛ ተጨማሪ ነው። ወደ 5 ግራም የሚጠጋ አይሶሳይኔትም ቀምቶናል። ያ በ5 በመቶ ያስተረፍነው ትርፍ ከሞላ ጎደል አልቋል።

እኔ ዱቄቱን ማድረቅ ነው የታየኝ። ሌሊቱን በቫኪዩም ኦቨን በ70 ዲግሪ አድርቀን፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት ዴሲኬተር (አየር የማያስገባ ዕቃ) አስቀምጠን እንድንደግመው ወሰንኩ። እሷ ግን ሌላ መንገድ አመጣች። "ጋሼ፣ አንዱን ሳናደርቀው እንሥራው። የያዘውን ውሃ ከ1.5ቱ ላይ እንቀንስለት። እውነት ውሃው ከሆነ መስተካከል አለበት።"

ይህ ከኔ ሐሳብ የተሻለ ነበር። ማድረቅ ችግሩን ያጠፋዋል፤ መቀነስ ግን ምክንያቱን ያረጋግጣል። ሁለቱንም ሠራናቸው። የደረቀው 60 እፍግታና 265 ኪሎ ፓስካል ሰጠ። ያልደረቀው፣ ከቀመሩ ላይ 0.32 የተቀነሰለት፣ 59 እና 258 ሰጠ። ማሽኑ ቁጥሩን ሲያወጣ ከሷ በፊት ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ማስታወሻው እንዲመለስልኝ ጠየቅኳቸው።

"ለምን?" አሉ።

"ጥፋቱ የተለማማጇ አይደለም። ዱቄቱን ክረምት ላይ በተራ ዕቃ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እፍግታውን ሳልመዝን ጥንካሬውን ያነጻጸርኩትም እኔ ነኝ። ያገኘችው ደግሞ እሷ ናት።"

ዝም ብለው አዩኝ። "አንተ፣ ጥር ላይ ክረምት ላይ ድገመው ያልኩህ ለዚህ አልነበረም እንዴ? ቃጫ እርጥበት ይስባል። ገመድ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል" አሉኝ። ከዚያ ማስታወሻውን ከፋይሉ አውጥተው ሰጡኝ። አዲሱን እዚያው ፊታቸው ተቀምጬ ጻፍኩት። የግምገማው ቅጽ ገና አልተላከም ነበር። ቀድጄ ሌላ ሞላሁ።

ይቅርታ የጠየቅኋት ግን በወረቀት አይደለም። ቡና ሰዓት ላይ፣ የላብ ሰዎች ሁሉ ባሉበት ነው። የወቀስኳት እነሱው ፊት ነበርና። "ምን አድርገሽ ነው ያልኩሽ ስህተት ነው። የነገርሽኝን በመጀመሪያው ቀን ብሰማሽ ኖሮ ሦስት ሳምንት አይባክንም ነበር" አልኳት። ፊቷ ቀላ። "ምንም አይደል ጋሼ" አለች። ምንም እንዳልሆነ ግን አላምንም። ከወቀስኳት በኋላ ጠዋት ጠዋት ስትገባ ቀና ብላ አታየኝም ነበር።

አሁን ዱቄታችን ያለው ዴሲኬተር ውስጥ ነው። በተጠቀምን ቁጥር ትንሽ ቆንጥረን እርጥበቱን እንለካለን፤ ቁጥሩንም የውሃው ረድፍ ላይ እንጽፋለን። ያ የከፍታ ዓምድም በሁላችንም ደብተር ላይ አለ።

የመጨረሻ ቀኗ ጳጉሜን ላይ ነበር። ጋዋኗን አጥፋ አስረከበች። ቦርሳዋን ያዘች። በሩ ጋ ደርሳ ቆመችና ወደ መደርደሪያው አየች።

"ጋሼ፣ ግሊሰሪንም ውሃ ይስባል አይደል?"

አዲሱ ጠርሙስ ከተከፈተ ሳምንት አልፎታል። እኔም ወደ ጠርሙሱ አየሁ። እሷ ቦርሳዋን ወንበር ላይ መልሳ አስቀመጠችና ሚዛኑን አበራች።