«ጫፉን ያዝ!»

ልጄን ከጎንደር ወደ ቶሮንቶ ያመጣሁት በ12 ዓመቱ ነው። እስከዚያ ያሳደገችው እናቴ ናት።

በሁለተኛው ዓመት ዝም አለ። እኔ ሌሊት አረጋውያን ስንከባከብ አድራለሁ፣ ቀን ጽዳት እሠራለሁ። ስገባም ስወጣም በሩ ዝግ ነው። ምግቡ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ ስልኩ አዲስ ነው። ለእናቴ ስደውል «ጨዋ ልጅ ሆኗል፣ ድምፁም አይሰማ» እላታለሁ። አሁን ሳስበው ያመኛል። ዝምታን ጨዋነት ብለን ስናመሰግን ስንት ልጅ አጠገባችን ይታመማል?

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ አማካሪ ጠራችኝ። ሁለት መጠይቅ ሞልቷል፣ እኔ እንዳየውም ፈቅዷል። አንዱ ሮዘንበርግ የተባለ የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ነው፤ ሰው ለራሱ ያለውን ግምት በ10 ዓረፍተ ነገር ይለካል። «ብዙም የምኮራበት ነገር የለኝም» በሚለው ላይ ልጄ «በጣም እስማማለሁ» ብሏል። ሁለተኛው ስለ ድጋፍ ነው፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጓደኛና ስለ ቅርብ ሰው 12 ጥያቄ አለው። ጓደኛ የለውም። የቅርብ ሰው ማን እንደሆነ ስትጠይቀው «አያቴ» ብሏታል። ችግሬን ለቤተሰቤ መናገር እችላለሁ የሚለውን ግን «አልስማማም» ብሎ አልፎታል። ቤተሰቡ እኔ ነኝ።

«እኔ እኮ ለሱ ብዬ ነው የምለፋው» አልኳት። አማካሪዋ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ድጋፍ የሚጠቅመው ልጁ ሲሰማው ነው። ራሱን የናቀ ልጅ ሰው አይጠጋም፤ የሚጠጋው ሰው ሲያጣ ደግሞ ይበልጥ ራሱን ይንቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት እንደሚገልጽ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ለጥምቀት ፈቃድ ወስጄ ጎንደር ይዤው ሄድኩ። የከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ፣ የሰፈር ወጣቶች ቀዩን ምንጣፍ ከፊት ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ሲያልፍ ከኋላ ጠቅልለው ወደ ፊት ይሮጣሉ። ልጄ ከእኔ ጎን ቆሟል። አንድ አብሮ አደጉ አየውና «አንተ! ቆመህ ታያለህ እንዴ? ጫፉን ያዝ!» አለው። ያዘ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አላገኘሁትም።

ሲመጣ እጁ ሁሉ አቧራ ነው። እናቴ እግሩን እያጠበች፣ እሱ ያወራል፣ ያወራል። «እማዬ፣ ስሜን የማይጠራኝ ሰው እኮ የለም!»

በአንድ ጉዞ አልዳነም፤ እዚህ ተመልሰን ከአማካሪዋ ጋር ቀጥሏል። እኔ የቀኑን ሥራ ተውኩት። ገንዘቡ ከብዶናል፣ ግን አልጸጸትም። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ስቆላ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ሳልጠይቀው የክፍሉን ነገር ጀመረልኝ። ቡናው አረረ። ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አላነሳሁም፣ ወሬውን እንዳያቆም ብዬ።