ጥያቄውን ሳይፈቱ መነጋገር

በግዛት ይገባኛል ድርድር ውስጥ ይበልጥ የሚማርከኝ ባለቤቱን የሚወስነው ሳይሆን ጥያቄውን በጥንቃቄ የሚያቆየው አንቀጽ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. በፎክላንድ ደሴቶች (አርጀንቲና ማልቪናስ ትላቸዋለች) ሳቢያ የተዋጉት ብሪታንያና አርጀንቲና በ1989 ማድሪድ ላይ ሲገናኙ፣ በዚያም ሆነ በቀጣይ ተመሳሳይ ስብሰባዎች የሚደረገውና የሚባለው የየትኛቸውንም የሉዓላዊነት አቋም እንደለወጠ ተደርጎ እንዳይተረጎም ተስማሙ። የሁለቱም አቋም ተራ በተራ፣ በእኩል አነጋገር ተጠቅሷል፤ ማን ትክክል እንደሆነ ግን አንቀጹ ትንፍሽ አይልም። ሽሽት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ተደራዳሪው መብት አሳልፎ ሰጠ ተብሎ እንዳይወቀስ የሚጠብቅ ብልሃት አድርጌ አየዋለሁ። በዚህ ከለላ ሥር ስለ ንግድና ስለ ዓሣ ሀብት መነጋገር ተችሏል፤ በ1990ም የዲፕሎማሲ ግንኙነታቸው ታድሷል።